ማን ቀባህ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኖርዌይ፣ ብሪን በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ የእስያ ምግብ መሸጫ የሰሊጥ ዘይት ስገዛ፣ ሒሳብ ተቀባዩ ወጣት ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ አየና ምን ልሠራበት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ለአባቴ ራስ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር ግን አላብራራሁለትም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አስቁሞ የሚነገር አይደለም። ዘይቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ምድር ባቡሩ ስወርድ፣ ተማሪ ሳለሁ ለዲፓቫሊ በዓል አትምጪ ተብዬ የመጣሁበት ጥቅምት እንደ አዲስ ትዝ አለኝ።

አስቀድሜ ስለ ቤታችን ልናገር። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ኦርቶዶክስ፣ ረቡዕና ዓርብ የማታፈርስ። አባቴ ከሰሜን ስሪላንካ የመጣ ታሚል ነው፤ ሂንዱ። «አፓ» እለዋለሁ፤ በእሱ ቋንቋ አባባ ማለት ነው። ሁለቱም አገራቸውን ጥለው መጥተው፣ ሞታክ በሚባለው የስደተኞች መቀበያ ውስጥ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተራ ተጣልተው ተዋወቁ። የተጣሉት በተሰባበረ ኖርዌይኛ ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚነጋገሩት በእሱ ነው፣ ስብራቱም እንዳለ ነው። ሮምሶስ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ አንድ ልጃቸውን፣ እኔን፣ አሳደጉ።

በሃይማኖት ነገር ውል ነበራቸው። ቁጭ ብለው የተዋዋሉት አይመስለኝም፤ ሲኖሩ ሲኖሩ የተበጀ ነው። በፋሲካ ሌሊት አፓ እማዬን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል። ውስጥ አይገባም፤ ጋቢ ተከናንቦ መኪናው ውስጥ እያንቀላፋ ይጠብቃታል። በዲፓቫሊ ደግሞ አፓ ሳሎኑ ጥግ የአማልክቱ ሥዕሎች ካሉበት መደርደሪያ ፊት የዘይት መብራቱን አብርቶ ቃጭሉን ሲያቃጭል፣ እማዬ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋና ዳዊቷን ትደግማለች። ከመብራቱ ፊት የቀረበ ምግብ አትቀምስም። ሳይቀርብ በፊት ግን፣ አፓ ከሩዝ ዱቄት ጠምዝዞ የሚጠብሰውን ሙሩኩ ከመጥበሻው ላይ ትሰርቃለች። በእሱ ወግ ደግሞ ሳይቀርብ መቅመስ ነውር ነው፤ ያንን እያወቀ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞርላታል። እኔ መቻቻል የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ከመስማቴ በፊት ያወቅኩት በዚህ ሌብነት ነው።

ዲፓቫሊ፣ ብዙ ሰው ዲዋሊ የሚለው፣ የብርሃን በዓል ነው። እነ አፓ ቤት ግን የሚጀምረው በዘይት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ የቤቱ ታላቅ ሞቅ ያለ የሰሊጥ ዘይት ይዞ የሌሎቹን ራስ ይቀባል፤ ከዚያ ገላ መታጠብ፣ ከዚያ አዲስ ልብስ። አፓ በልጅነቱ ለዚህ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ይቀሰቅሱት እንደነበር ያወራና፣ «ኖርዌይ ለሰነፍ ሂንዱ የተሠራች አገር ናት፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኝተሽም ፀሐይን ትቀድሚያታለሽ» ይለኛል። እኔን ቀብቶ ሲጨርስ፣ የእሱን ራስ የሚቀባለት ሰው አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ በገዛ መዳፉ አፍስሶ ይቀባል።

አገር ቤት የቀረች ታላቅ እህት ነበረችው፤ ራኒ አካ። አካ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። በየዲፓቫሊው ይደውልላታል፤ መስመሩ ስለሚያስቸግር በድምፅ ማጉያ አድርገው ይጯጯሃሉ። ልትዘጋ ስትል ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ «ማን ቀባህ?» እሱም ሁልጊዜ «ሚስቴ» ይላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታሚልኛ እንድማር ይልከኝ ስለነበር፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ነገሩ ገባኝና ለምን እንደሚዋሽ ጠየቅኩት።

«ትንሽ ውሸት ናት» አለኝ። «ወንድሟ በሰው አገር ራሱን በራሱ እንደሚቀባ ካወቀች አካ አትተኛም። ለእናትሽ አትንገሪያት፤ የማትችለውን ነገር የጠየቅኳት ይመስላታል።»

ለዓመታት አልነገርኳትም።

ቢየርቪካ በሚባለው የወደብ ሰፈር አዲሱ ኦፔራ ቤት በተከፈተበት ዓመት እማዬ እዚያው አቅራቢያ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አፓ ብሪን መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኔ ትሮንድሄም በሚባል ሩቅ ከተማ ነርስነት እማር ነበር። በዚያ ዓመት በሰሜን ስሪላንካ ጦርነቱ ከፋና የራኒ አካ መንደር መሃሉ ገባ። ስልኳ ጠፋ። በዓሉ ሲቃረብ አፓ ደወለልኝና «ዘንድሮ አናከብርም፣ አትምጪ» አለኝ። ሌሎች የታሚል ቤተሰቦችም እንደዚያው ወስነው ነበር። ወገን እየሞተ ምን መብራት ይበራል? ይህ ገብቶኛል። የከበደኝ ድምፁ ነው፤ ስለ ትምህርቴ ሳይጠይቀኝ ስልኩን ዘጋ። አፓ ስለ ትምህርቴ ሳይጠይቅ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ።

ዶቭረ ተራራ ላይ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ወደ ደቡብ ስንወርድ ዝናብ ሆነ። ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦዬን እየበላሁ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ ሳይ ዋልኩ። ሮምሶስ ስደርስ ቢጫ ቅጠል እግረኛ መንገዱ ላይ ረግረግ ሠርቷል። በሌላ ዓመት ቢሆን የሚጠበሰው ሙሩኩ ሽታ ከአሳንሰሩ በር ላይ ይቀበለኝ ነበር። በዚያን ቀን ምንም አልሸተተኝም።

አፓ ጺሙን ሳይላጭ ስልኩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አትምጪ ብዬሽ አልነበረም?»

«ናፍቃችሁኝ ነው።»

«ኔይ» አለ፣ በኖርዌይኛ አይደለም ማለቱ ነው፤ «እናትሽ ጠርታሽ ነው።»

አልጠራችኝም ነበር። በዓል ያለ አዲስ ልብስ አይሆንም ብዬ የገዛሁለትን የሱፍ ሹራብ ሰጠሁት፤ ከነከረጢቱ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ወጥ ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ሰውየው እያለቀብኝ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሥራ ይመጣል፣ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አይበላም፣ አያወራም። የእኛ ሰው ቢሆን ለቅሶ ተቀምጬ አብሬው አለቅስ ነበር። ሞተች እንዳይባል አልተረጋገጠ፤ አለች እንዳይባል ድምፅዋ የለም። ምን ብዬ ላጽናናው?»

እኔም አላወቅኩም። ግን አፌ ቀደመኝ። «እማዬ፣ ራኒ አካ ስልኩን ልትዘጋ ስትል የምትጠይቀውን ነገር ታውቂያለሽ?»

«ያቺን የምትጮኻትን?» አለችና፣ አንዲት ቃል ታሚልኛ የማታውቀው እናቴ ድምፁን አስመስላ ደገመችው። በተዘጋው በር ውስጥ ስትሰማው ኖራ፣ ትርጉሙን ሳታውቅ በቃሏ ይዛዋለች።

ትርጉሙን ነገርኳት። መልሱንም ነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«በየዓመቱ? በእኔ ስም?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። «ዝም አይነቅዝም» ማለት የምትወድ ሴት ናት፤ ሽንኩርቷን ከትፋ ጨረሰች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። የአፓን አደራ በልቼ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የእሷን ዝምታ ብቻ መስሎኝ ተኛሁ።

በበዓሉ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የሰሊጥ ሽታ ነው። ውጭው ገና ጨለማ ነበር። እማዬ ትንሽ ድስት በጨርቅ ይዛ አፓ ፊት ቆማለች፤ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አድርጋበታለች።

«በዓል የለም ብያለሁ» አላት።

«እኔ በዓል አላልኩም። ራስህን ልቀባህ ነው።»

መጀመሪያ ያልበራውን መብራት አየ፤ ቀጥሎ እሷን። «ኃጢአት አይሆንብሽም?»

«እናቴ ፀጉሬን ቅቤ ስትቀባኝ ማንን እያመለከች ነበር? የምቀባው ራስ ነው። የቀረውን ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

አፓ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

እማዬ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ መሃል አናቱ ላይ አፈሰሰች። ቅቤ እንደሚቀባ ሰው ፀጉሩን በጣቶቿ እየከፈለች፣ እየተጫነች፣ እስከ ማጅራቱ ወረደች። ዘይቱ በጆሮው ሥር ወርዶ ፎጣው ላይ ተንጠባጠበ።

«እጅሽ ከባድ ነው» አላት ዓይኑን ጨፍኖ።

«አመመህ?»

«ኔይ። የአካም እንደዚህ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። እማዬ አይዞህ አላለችውም፤ ማሸቷንም አላቆመችም። ብዙ ቆይቶ ተነሥቶ ታጠበና፣ የዋጋው ወረቀት አንገቱ ላይ የተንጠለጠለበትን ሹራብ ለብሶ ወጣ። «የሚበላ ነገር አለ?» ሲል እማዬና እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተጋጨን።

በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ አበቃ። ከመጠለያ የደወለች አንዲት የመንደራቸው ሴት ራኒ አካ መሞቷን ነገረችው። አዘንን፤ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ዲፓቫሊ ሲደርስ እኔም ከትሮንድሄም ተመልሼ መጣሁ። እማዬ ማንም ሳይጠይቃት ዘይቱን አሙቃ ቀባችው። ጨርሳም አፓ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ስልኩን ያያል። የምን ሰዓት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። መልሱ እውነት በሆነ ጊዜ ጠያቂዋ የለችም።

እማዬ እጇን በፎጣ ጠረገች። ከዚያ በዚያ ክፉኛ በሚጎረብጥ ታሚልኛዋ፣ በሩን አልፎ ይሰማት እንደነበረው ጮክ ብላ፣ «ማን ቀባህ?» አለችው።

ቁስሉን የነካችው መሰለኝ። አፓ ግን ቀና ብሎ አያት።

«ሚስቴ» አለ።

እሷም ዳዊቷን አንሥታ መኝታ ቤት ገባች፤ መብራቱን እንዲያበራ በሩን ዘጋችለት። ውሉ አልፈረሰም። ልጅ ሳለሁ ያ የተዘጋ በር ያሳዝነኝ ነበር፤ ሁለት ቤት ውስጥ የምኖር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና የሰማችውን ያህል ብዙ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይሰማም።

ዛሬ በዲፓቫሊ ጠዋት ዘይቱን ይዤላቸው ሄድኩ። አፓ ፀጉሩ አልቋል፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የእማዬ ጣቶች በመወልወያው ብዛት ጎብጠው የጠርሙሱን ክዳን መክፈት አቃታት። ከፈትኩላትና፣ «ዘንድሮስ ይብቃሽ፣ እኔ ልቀባው» አልኳት።

ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው። «ታዲያ ስጠይቀው» አለችኝ፣ «ማን ቀባኝ ሊለኝ ነው?»