«ይሁን» የማይሉት ጋሼ ይሁኔ

የደብረ ማርቆስ የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበሩት አቶ ይሁኔ፣ ለዘመድ ለቅሶ በሄዱባት በቁይ ከተማ ታመው እዚያው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በመሪር ኀዘን እነግራችኋለሁ። ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። መስማትማ መች ቀላል ሆነና!

እኔ የስልክ አገናኝ ነኝ። ጋሼ ይሁኔ የተበጠሰውን ሽቦ ፍቀው፣ አጽድተውና በይደው ከቀጠሉ በኋላ ከምሰሶው ሥር ሆነው ይደውሉልኝ ነበር። በሹክሹክታ አንድ ነገር ይላሉ፤ ያሉትን ቃል በቃል ካልመለስኩላቸው ሥራውን አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ቀን «የዛሬው ሽሮሽ ጨው በዝቶበታል» ብለውኝ፣ ይህንኑ አለቃችን ፊት ደግሜ መሳቂያ ሆኛለሁ።

«ጮሆ መሰማማትማ ያለ ስልክም ይቻላል» ይሉ ነበር። «መስመር የሚለካው በደካማ ድምፅ ነው። የታመመም ይደውላል፤ አራስም ትደውላለች።» ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ አንዲት አሮጊት ከወታደር ልጃቸው ጋር እስኪነጋገሩ ድረስ፣ ጋሼ ይሁኔ ዝናብ እየመታቸው ውጭ ቆመው መጠበቃቸውን ያየ ሰው ነግሮኛል።

አለቃችን ግን ቸኳይ ናቸው። «ሰዉ ተገናኝቶ ካወራ ምን ጎደለ? አቶ ይሁኔ፣ ለስምዎ ሲሉ እንኳ ‘ይሁን’ ይበሉ እንጂ!»

«ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው። ሥራው ግን የእኔ ነው።»

አለቃችን በዝግታቸው ተማረው ወደ ዕቃ ቤት አዛወሯቸው። መስመሩም ሳይበይዱ ሽቦ ጠምዝዘው ቶሎ ለሚመለሱ ሠራተኞች ተሰጠ። ክረምት ሲገባ የተጠመዘዘው ሁሉ ዛገ፤ ድምፁ ደከመ፤ እኛም «ጮክ በሉ» ማለት ለመድን። እሳቸው ይህን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ያን ቀን የቁይ ስልክ ጠባቂ «አቶ ይሁኔ ናቸው! አሟቸዋል፣ አንቺን ነው የሚሉ!» ብሎ ጮኸልኝና፣ መነጋገሪያውን ሰጥቷቸው በአክብሮት ወጣ። የተሰማኝ ትንፋሽና የሽቦው ሲርሲርታ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉ!» አልኩ። እሳቸውን «ጮክ ይበሉ» ማለቴ! ከዚያ መስመሩ ጭራሹን ጠፋ። ሲመለስ የመጣልኝ መርዶአቸው ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከለቅሶው መሀል እጄን ይዘው «መጨረሻ ያነጋገሩት አንቺን ነው፤ ምን አሉሽ?» አሉኝ። መኪና ላኩልኝ ብለው ይሆናል፤ ለእትዬ የሚነገር ኑዛዜም ሊሆን ይችላል። አላውቅም። የሚያውቅም የለም። አለቃችን ደግሞ ለቅሶ መጥተው፣ የቁይ መስመር በዚያው ቀን ተጠምዝዞ መቀጠሉን እንደ መልካም ዜና ነገሩኝ።

ጋሼ ይሁኔ፣ ደግ ሥራ አይጠፋም ይባላል። የእርስዎ ግን በቁምዎ ሳሉ ጠፋ፤ ከእርስዎ ወዲያ የሚያሳስበውም አላየሁም። አንጀቴ እያረረ እሰናበትዎታለሁ። በሄዱበት እንኳ ሳይጮሁ የሚሰማዎ ይስጥዎ። እኔ ነገ ሥራ እገባለሁ። ከወዲያ በኩል የሚያቃስት ሰው ቢደውል፣ «ጮክ በሉ» እለዋለሁ።