የሙሴ ጭነት

ባምላክ ሰውን በስሙ ሳይሆን በጀርባው ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በነበረበት ዘመን፣ የጭነት መኪና ግቢ በገባ ቁጥር በመስኮቱ አንገቱን ብቅ ያደርግና «ሦስት ጀርባ ላኩልኝ!» ይል ነበር። ሦስት ተሸካሚዎች ይመጣሉ። ጭነቱ ከከበደ «ሌላ ጀርባ ጨምሩ» ይላል። በክፋት አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊም እንዲሁ ይል ነበር። ተሸካሚዎቹም ለምደውት «ጀርባ መጥቷል ጋሼ!» እያሉ ይሥቁ ነበር። ይሥቁ እንደነበር ባምላክ አሁንም ያስታውሳል። ከልባቸው ይሁን አይሁን ግን ያኔ ልብ ብሎ አያውቅም።

ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ሲያጥረው፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሠራተኛ ቀነሰ። ባምላክ ቁልፎቹን አስረክቦ ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ወገቡ ላይ ሲንቀጫቀጩ የኖሩት ቁልፎች ሲነሡ ሱሪው የሚወልቅበት መስሎት፣ መንገዱን ሙሉ ቀበቶውን እያጠበቀ ቤቱ ደረሰ። ፀጉሩ ለሸበተ ሰው ማን አዲስ ሥራ ይሰጣል? ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ፔዳ አካባቢ ይኖር የነበረ አንድ መምህር አገር ሲለቅ የሸጣትን የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛ። ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ ጠፍጣፋ መቆሚያ፣ አንድ ረጅም እጀታ፤ ሌላ ነገር የላትም። ቤንዚን በጠፋበት ከተማ ግን ከበቅሎ አታንስም ነበር።

«ሥራ የምፈልግባት ናት» አላት ለሚስቱ ለየሺአረግ።

ሥራው ራሷ ስኩተሯ ሆነች። ገበያው ዳር ጌሾና ቅመም በጅምላ የሚሸጠው ሙሀመድሰዒድ አንድ ቀን ሲያልፍ አየውና «ጋሽ ባምላክ፣ ይህችን ካርቶን ፔዳ ካለው ምግብ ቤት ብታደርስልኝ? ባጃጁ ሁሉ ቤንዚን ወረፋ ላይ ነው» አለው። አደረሰ። በማግስቱ ካርቶኑ ሁለት ሆነ። ከዚያ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣውን ጌሾ ከወደቡ ማንሣት ተከተለ። አንዱ ጆንያ መቆሚያው ላይ ተተክሎ ከእጀታው ጋር በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ላስቲክ ይጠፈራል፤ ነጂው በቀረችው ስንዝር ቦታ እግሩን አሳክቶ ይቆማል፤ ሌላው ጆንያ ደግሞ ይታዘላል። በጀርባ ይታዘላል። ባምላክ መጀመሪያ ያዘለ ቀን፣ ወደቡ ላይ ቆሞ ሐይቁን ረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየ። ሐይቁን ማየቱ ግን አልነበረም፤ ፊቱን ከሰው ማዞሩ ነበር።

ሰው ደግሞ አይተውም። በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ተሳፋሪ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ገና ከሩቅ ሲያዩት ይጀምራሉ።

«ፋዘር! አንተ ነህ ጌሾውን የጫንኸው ወይስ ጌሾው አንተን?»

«ተወው ባክህ፣ አባይ ማዶ እስኪደርስ ጠላ ሆኖ ይወርዳል!»

ጥቁር መስታወት ያለው የሞተረኛ ሄልሜት ገዛ። አንገቱንና አገጩን በሻርፕ ጠቀለለ። ሲመሽ ስኩተሯን ከሙሀመድሰዒድ መጋዘን ያስገባና ባትሪዋን እዚያው እንድትሞላ ትቷት፣ ከሸሚዙ ላይ የጌሾውን ብናኝ አራግፎ፣ በእግሩ ወደ ሰፈሩ ይገባል። ለጠየቀው ሁሉ «አንድ ነጋዴ ሒሳብ እንድይዝለት ለምኖኝ ነው» ይላል። የሺአረግ ይህን ስትሰማ ከርማ አንድ ቀን «ሰርቀህ ነው እንዴ የምትደበቀው?» አለችው።

«ሰርቄ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አላት። እሷም እውነቱን መሆኑን ፊቱ ላይ አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ነገሩ ሰፈር ብቻ አልነበረም። ባምላክ የጊዮርጊስ ማኅበራቸው ሙሴ ነው። የማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል፤ ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ በሥርዓት መተላለፉን ያያል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ፋብሪካው ቁልፎቹን ሲቀበለው የቀረችው ክብር ይህችው ብቻ ነበረች። በየወሩ ጊዮርጊስ ሲውል ነጭ ለብሶ ከቄሱ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ያን ዕለት ሰው ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጆንያ አዝሎ ቢያየውስ? ማንም ሳይናገረው «ሙሴያችን ጀርባ ሆነ» የሚል ድምፅ በጆሮው ይሰማው ነበር።

የዚያን ወር ተረኛ እትዬ ሸዋዬ ነበሩ። ባላቸው ገና በልጅነታቸው ሞቶባቸው፣ ጠላ እየጠመቁ ልጆች ያሳደጉ አሮጊት ናቸው። የሚኖሩባት የኪራይ ክፍል ማኅበርተኛ ስለማትችል፣ ድግሱ አባይ ማዶ በሴት ልጃቸው ቤት እንዲሆን ተስማምተዋል። ስለዚህ በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጽዋውን በመሶቡ አድርገው በነጠላ ሸፍነው ወጡ። ባጃጅ ጠበቁ፤ የለም። ልጃቸው ደግሣ እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። በእግራቸው ጀመሩት።

ባምላክ በዚያው ሰዓት ወደ አባይ ማዶ ጌሾ ጭኖ ይሄድ ነበር። ድልድዩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ መንገዱ ዳር የተቀመጠች ሴት እጇን አነሣችለት። ፍጥነቱን ቀነሰ። ሸዋዬ መሆናቸውን ያወቀው አጠገባቸው ሲደርስ ነው።

«የኔ ልጅ! ባለ ስኩተሩ! ቁምልኝ እስቲ» አሉት። ጭናቸው ላይ ያለውን መሶብ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። «የጊዮርጊስ ጽዋ ናት። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ድልድዩን ብቻ አሻግረህ ያዝልኝ፤ እኔ ቀስ እያልሁ እደርስብሃለሁ።»

ለመቀበል የሄልሜቱን መስታወት መግለጥ ነበረበት፤ ባይገልጥ እንኳ መናገር ነበረበት። ድምፁን ደግሞ ያውቁታል፤ በየወሩ «አሜን በሉ» የሚላቸው ይኸው ድምፅ ነው። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የታዘለው ጆንያ ወደ ኋላ ጎተተው። ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጣቱ የስኩተሯን ደወል ተጫናትና ቅጭል አለች፣ አሮጊቷ መንገድ የዘጉበት ይመስል። ሄደ።

ድልድዩ ላይ ሆኖ በትንሿ የጎን መስታወት አያቸው። ተነሥተው፣ መሶቡን አቅፈው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። መመለስ ይችል ነበር፤ ድልድዩ ለማዞር ሰፊ ነው። ጌሾውን ለባለቤቱ አስረክቦ ሲመለስ በሌላ መንገድ ዞሮ ገባ።

በማግስቱ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ባምላክ ነጩን ለብሶ መጣ። ከማኅበሩ በኋላ የሚያደርሰው ጌሾ ስለነበረው ስኩተሯን ከነጭነቷ ማዕዘኑ ላይ ካለው ጎሚስታ ዘንድ አስቀምጧታል። ቤት እንደገባ ግን እግሩ ከደፉ ላይ ቀረ። ሸዋዬ የቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊታቸው በተነጠፈ ነጠላ ላይ የጽዋው ስብርባሪ ተሰብስቧል።

«ተሻግሬ ነበር» አሉ፣ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጸሎት እንዳሳረጉ። «ድልድዩን ከተሻገርሁ በኋላ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። እሷን ላድን ብዬ እጄን ሰደድሁ። እሷም አልዳነች፣ እጄም አልዳነ። እንግዲህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ማኅበሩ ያለኝን እቀበላለሁ።»

«በመንገዱ ሰው አልነበረም?» አለ ገድሉ። ገድሉ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማኅበሩን የሚያሥቀውም የሚያስቆጣውም እሱ ነው።

«አንድ ባለ ስኩተር ነበር። ጽዋ ናት ብዬ ለመንሁት። ደወሉን ደወለብኝና ሄደ።»

«ደወለብዎ?»

«ደወለብኝ።»

በቤቱ ውስጥ የቁጣ ጉርምርምታ ሆነ። ገድሉ ወደ ባምላክ ዞሮ «ምነው ታዲያ የእኛን ሙሴ በጠሩት!» አለ። «የፊተኛው ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሕዝብ አሻገረ። የእኛው አንዲት ሴት አባይን ማሻገር ያቅተው ነበር?» ሰው ሣቀ። ባምላክም ሊሥቅ ሞክሮ ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ተጣበቀበት። ገድሉ ግን ሣቁን ትቶ ተነሣ። «ያን ባለ ስኩተር ጊዮርጊስ በፈረሱ ይርገጠው! አሜን በሉ!»

«አሜን!»

ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የባምላክ ድምፅ ነበር። ዓመታት አሜን ሲያስብል የኖረ አፍ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ተከፈተ። ጆሮው ሰምቶት ደነገጠ። ፊቱ እስከ አንገቱ ነደደ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ሙቀቱ የሚሰማው መሰለው።

ከዚያ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ጽዋ የሰበረ መተካትና መስገድ አለበት፤ ይህን የሚለው ሙሴ ነው። ቅጣቱን በእኒህ ሴት ላይ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን የታሰረው እጃቸው ላይ ዐረፈ።

«ጽዋውን እኔ እተካለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስግደቱንም እኔ እሰግድላቸዋለሁ።»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ገድሉ «ሙሴ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ቄሱ በመስቀላቸው ግንባሩን ነክተው «እንደ ስምህ ያድርግህ» አሉት። ባምላክ በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት ተመስግኖ አያውቅም። እያንዳንዱ ምስጋና ትናንት ያልተሸከመውን መሶብ መልሶ የሚጭንበት መሰለው። የቀረበለትን ሳይቀምስ፣ አሞኛል ብሎ ተነሣ።

ሸዋዬ ታመውም ቢሆን እንግዳ እስከ ግቢው በር ይሸኛሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ አሜን አላልሁም» አሉት።

«ለምን እትዬ?»

«ጭኖ ነበራ። ሸክም ያለበት ሰው አንገቱ አይዞርለትም። ማን ያውቃል፣ የቸኮለበት ነገር ይኖረዋል። እኔስ መራገሙ ደስ አላለኝም።»

ባምላክ የበሩን ቆርቆሮ ያዘ። «እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ባለ ስኩተሩ። እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ሸዋዬ ቀና ብለው አዩት። «አንተ? ምን በድዬህ?»

«አልበደሉኝም። አፍሬ ነው።»

«በእኔ?»

«በጭነቱ። ጌሾ ተሸክሜ እንዳያዩኝ።»

ደግ ፊታቸው ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየው። «ጌሾ» አሉ። «እኔ እኮ ልጆቼን ጌሾ እየወቀጥሁ ነው ያሳደግሁ። አንተ ሰው እንዳያይብህ የምትደብቀውን። ይህን እጄን ስታይም እያፈርህበት ነበር የምታየው?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ብቻ ይቅር ብልህ ምን ይረባሃል? ያ ሁሉ ሰው አሜን ብሎብሃል። አንተም ብለሃል፤ ሰምቼሃለሁ። የረገሙህ ይፍቱህ። ግባና ንገራቸው።»

ተመልሶ ሲገባ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ፤ ለሙሴ እንደሚገባው። «በእግዜር» ማለት ነበረበት። አላለም። «አትነሡልኝ» አለ። «ያ የረገማችሁት ሰው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ገድሉ ሣቀ። «አሁንስ አበዛኸው ሙሴ! የሰው ቅጣት አንሶህ የሰው ኃጢአት ደግሞ ልትወስድ ነው?» ሌሎቹም በፍቅር ሣቁ። አንዲት ሴት «እሱ እንዲህ ነው፣ ለራሱ አያውቅም» አለች። ባምላክ ደግሞ ተናገረ፤ ደግመው አላመኑትም። ያልዋሸ ቀን ውሸታም ሆነ።

ወጣ። ከጎሚስታው ዘንድ አንዱን ጆንያ አዝሎ፣ ስኩተሯን ከነሌላው ጭነቷ አመጣት። በግቢው በር እየገፋ ሲያስገባት አንደኛው ጆንያ በሩን አላልፍ ብሎ ተፋተገ፤ የጌሾ ቅጠል ነጩ ሱሪው ላይ ረገፈ። ማኅበርተኛው ሁሉ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ያዘለውን ጆንያ መሬት አስቀመጠ፤ ሄልሜቱ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አልሣቀም። ቅድም በፍቅር የተናገረችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ቄሱ።

«ፋብሪካው ካሰናበተኝ ወዲህ፣ አባ።»

«እና ሒሳብ የምትይዝለት ነጋዴ?»

«ጭነቱን ነው የምይዝለት።»

ሸዋዬ ከበሩ ምሰሶ ተደግፈው «ያችን ስግደት ለእኔ ብሎ ነበር የወሰዳት» አሉ፣ ቁጣቸው ገና ሳይበርድ። «የገዛ ራሱ ሆና ተገኘች።»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሁሉም አብረዋቸው እንዲሉ አዘው ርግማኑን ፈቱለት። «ይፍታህ» የሚለው ድምፅ እንደ አሜኑ አልጮኸም፤ ግማሹ መሬት እያየ ነበር ያለው። ስለ ሙሴነቱ ማንም ምንም አልተናገረም፤ እሱም አልጠየቀም። ጌሾውን የምትጠብቅ ሴት እንዳለች ብቻ ተናገረና፣ መሬት ያስቀመጠውን ጆንያ ሊያዝል ጎንበስ አለ። ብቻውን ሲያነሣው ጆንያው ከትከሻው ሾልኮ ወደቀ።

ገድሉ ከደጃፉ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ነገር ጠፍቶበት ነበር።

«ቆይ» አለ ጆንያውን ከሥሩ አቅፎ። «ላሸክምህ።»

ባምላክ ጀርባውን ሰጠው፤ ቀና ብሎ ግን ሊያየው አልቻለም።