በቫርና ሽማግሌ የሆንኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ እነመስፍን ቤት ለምሳ ሄድኩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አዲስ ፎቶ ተሰቅሏል፤ መስፍንና ሚስቱ ጽጌ፣ በወጣትነታቸው፣ አንድ ጥንታዊ ግንብ ሥር ቆመው። ከጽጌ ጎን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትከሻ ይታያል። የኔ ነው።

«ልጃችን ናት ዳር ዳሩን ክሮፕ አድርጋ ያሳተመችው» አለኝ መስፍን እየሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ፎቶውን የተነሳነው ቡልጋርያ ተማሪዎች ሳለን ነው። በበጋው ዕረፍት ሦስታችን ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ቫርና ወረድን። የተጠበሰው ዓሣ ሽታ፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን የወረደው ኮክ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሮማውያን ገላቸውን የታጠቡበትን ፍርስራሽ ስናይ ጽጌ ሣር የበቀለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ አሸዋ አራገፈች። እንደምወዳት ያን ቀን ልነግራት ቆርጬ ነበር። በዕድሜ ጥቂት ስለምበልጣቸው ግን ሁለቱም «ጋሼ» ነበር የሚሉኝ፤ እኔም ሞኙ ማዕረጉን ወድጄዋለሁ።

ከዚያ ሙዚየም ገባን። ከስድስት ሺህ ዓመታት በፊት የሞተ ሰው አጽም ከነወርቁ መስታወት ውስጥ ተጋድሟል። መስፍን ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። አገር ቤት ቢሆን አባቱ ሽማግሌ ይልኩለት ነበር፤ እዚህ ከኔ በቀር ማን አለው? ጽጌን እንድጠይቅለት ለመነኝ። ሽማግሌ ሁን የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ እኔ ደግሞ ገና ጢሜ እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር።

ወርቁ ፊት ቆማ አገኘኋት። እጄን አጣምሬ፣ አባቴ ሽማግሌ ሆነው ልጅ ሲጠይቁ እንደሰማሁት አድርጌ መልእክቱን አደረስኩ። ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚሉኝ ነገር የለም?»

«የለም» አልኳት።

«እንግዲያው እርስዎ ካሉ እሺ።»

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ ሁለቱ ከፊቴ ይሄዱ ነበር፤ ቦርሳዋን እሱ ይዞላታል። ቅናት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ።

በሽበት ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል። እሑድ ዕለት ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ጽጌ ስልኳን ልታነብ ፈልጋ ዝም ብላ እጇን ዘረጋች። መስፍን ከኔ ጋር የያዘውን ወሬ ሳያቋርጥ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት፣ መነጽሯን አቀበላት። ወደ ቤቴ ስመለስ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ሙሉ በዚያ ስቀና ነዳሁ።