የመስመሩ መለኪያ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። መስመሩ እየተንቀራፈፈ ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት መሸሽ ጀመሩ። «ሐጂ፣ እናቴ ስክሪኑ ላይ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች!» ብሎኝ ወጣ አንዱ።

ኮምፒውተሮቹን የሚከታተለው ፕሮግራም የመስመሩን ፍጥነት አይለካም ነበር። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ዘይነብ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፋይል እያወረደ ፍጥነቱን የሚመዘግብ ተጨማሪ ፕሮግራም ጻፈችለት።

«በየሰዓቱ ይለካ፣ ዓሚ?» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«በየደቂቃው እንጂ! መስመሩ ቀጠሮ ሰጥቶ ነው እንዴ የሚንቀራፈፈው?»

በማግስቱ መስመሩ ጭራሽ ቆመ፤ ቤቱም ባዶ ቀረ። ዘይነብ ስክሪኑን አይታ ሳቋን ለቀቀችው።

«ወላሂ ዓሚ፣ መስመሩን ጠቅልሎ የያዘው የእኛው መለኪያ ነው።»

«እንግዲያው» አልኳት፣ «እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ጻፊለት።»