ትራፊኳ ያልጨረሰችው ዜብራ

ፒንሳ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ በግራ እጇ የቧንቧውን አንገት ይዛ በቀኟ እየፈታች ነበር። ያረጀው ጎሚኒ ሲወጣ እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተሰባበረ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ለምን እንደምታሸተው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከሽርጧ ኪስ አዲስ ጎሚኒ አወጣች፣ የቧንቧው ጥርስ ላይ ነጭ ቴፍሎን ሦስት ዙር ጠቀለለች፣ አጥብቃ አሰረችና መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ጠበቀች። እኔ ባትሪ አብርቼላት ቆሜያለሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«እሺ ጋሼ፣ ይሄ አለቀ» አለች። «ሌላስ? ልጅዎ በዕረፍት ቀኔ እሠራዋለሁ ያለችው ምን አለ?»

«ምንም የለም» አሉ በሩን ተደግፈው የቆሙት ሽማግሌ። «ልጄ ሥራ አታሳድርም ነበር።»

ከጀርባቸው አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አባባ ይዋሻል» አለች። «ዜብራው አለ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

ፒንሳ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ከቤት ስትወጣ ፒንሳ ከእጇ ስለማይጠፋ «እትዬ ፒንሳ» አሏት፣ እሷም ወደደችው። እኔ ጎረቤቷ በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ»ውን ትቼዋለሁ። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው።

ባሏ ፖሊስ ነበር። የወጥ ቤታቸው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበርና «በዕረፍት ቀኔ እሠራዋለሁ» እያለ ስምንት ወር ቆየ። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ወይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ወይ ከጣቢያ ይጠሩታል። አንድ ቀን ሌባ ሲያሳድድ ተወግቶ ሞተ። ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሞላው፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደና እሷና ቧንቧው ብቻቸውን ቀሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማችው። በመጨረሻ ተናደደችና የባሏን ፒንሳ አንስታ፣ ዋናውን ውኃ ሳትዘጋ ቧንቧውን ነቀለችው።

«ውኃው ኮርኒሱን መታው» ትላለች ስታወራው። «ከነልብሴ ታጠብኩ። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ መዝጊያው የት እንዳለ ፍለጋ በየጓዳው ሮጥኩ።»

በማግስቱ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሄዳ ባለሱቁን አላስቀምጥ አላስቆም አለችው። ሰውዬው እንድትተወው ብሎ አስተማራት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ፤ በዚሁ ሙያ ትተዳደራለች።

ቅዳሜዋ ግን የፖሊስ ቤተሰቦች ነው። በሥራ ላይ የሞተ ፖሊስ እንዳለ ስትሰማ በመጀመሪያው ሳምንት አትሄድም። «ያኔ ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ እኔን ማን ይፈልገኛል?» ትላለች። ወንበሩ ወደየባለቤቱ ሲመለስ፣ ስልኩ መጮኹን ሲያቆም፣ ያን ጊዜ ሳጥኗን አንግታ ታንኳኳለች። «አይዞሽ፣ በርቺ» ማለት አይሆንላትም። የምትጠይቀው ያንኑ ነው፤ በዕረፍት ቀኑ እሠራዋለሁ ያለው ምን አለ? ይህ የሌለበት ቤት እስካሁን አላየሁም። አንዱ ፖሊስ ውሻ ሳይኖረው የውሻ ቤት ጀምሮ ነበር። ሌላው የሰቀለው መደርደሪያ ድስቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያንሸራትታል፤ ሚስቱ «ተይው፣ ራሱም እንደዚሁ ዘመም ይል ነበር» ብላ እየሳቀች እንዲቃና አልፈቀደችም።

አንድ ጊዜ ግን አጥፍታለች። ጠረጴዛ ላይ የተበታተነ ሬዲዮ አገኘች፣ ብሎኖቹ በብርጭቆ ተጠራቅመው ተቀምጠዋል። ሳትጠይቅ በግማሽ ሰዓት ገጣጥማ አስጮኸችው። የሟቹ ሚስት አመሰገነቻት። በኋላ ነው የሰማነው፤ ሴትዮዋ በየጠዋቱ እነዚያን ብሎኖች በጣቷ እየነካካች ነበር ከቤት የምትወጣው። ፒንሳ ያን ሳምንት እህል አልበላ አላት። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ ብሎን አትነካም፤ አይሆንም ከተባለችም ሳጥኗን ዘግታ ትወጣለች።

ሽማግሌው ሻዩን ይዘው ሲመለሱ ስለ ዜብራው አልጠየቀችም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የጀመሩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ሾፌር» ይላቸዋል። በዘመናቸው የታወቁት ዜብራ ላይ ባለመቆም ነው። «እግረኛ ነፍሱን ከወደደ ይሮጣል» ይሉ ነበር። ልጃቸው ትራፊክ ፖሊስ በሆነች በመጀመሪያው ወር ፊሽካዋን ነፍታ አባቷን አስቆመችና ክስ ጻፈችባቸው።

«ተሳፋሪው አጨበጨበላት» አሉን። «ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን እኔው ነኝ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁት።»

ከሁለት ወር በፊት ያቺ ትራፊክ ልጃቸው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ ሳለ ፍሬኑ የተበጠሰ የጭነት መኪና ቁልቁል መጣ። ዜብራው ላይ የነበሩትን ሰዎች ገፍታ ገፍታ አወጣች። ለራሷ ጊዜ አልቀራትም።

የትንሿ ልጅ አባት ልጅቷ ገና ስትድህ ታሞ ሞቷል፤ ስለዚህ ለሽማግሌውና ለልጅቷ የቀሩት እርስ በርሳቸው ናቸው። አሁን ግን የአባቷ እህት ከሌላ ከተማ ደውላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አሳቢ ናት። ልጅቷ ሳሎን ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ እንደምትተኛ ሰምታለች።

«የነገ ሳምንት እሑድ ትመጣለች» አሉ ጋሽ ሾፌር። «‹አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጅቷ የራሷ ክፍል ከሌላት ይዣት እሄዳለሁ› አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን እላታለሁ?»

«ክፍልማ አለኝ» አለች ልጅቷ። «አባባ ቆልፎበት ነው።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቁልፉ እዚያ እንዳለ ሦስታችንም አወቅን። ፒንሳ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች።

መንገድ ላይ «ዝም ብለሽ ልትተዪው ነው?» አልኳት።

«አይሆንም አላሉኝም፤ ግን እሺም አላሉኝም» አለች። እስከ ቤቷ ድረስ ሳጥኗን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ስታቀያይር ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ተመልሰን ሄድን። በሩን እንደከፈቱላት የዘይት ጠርሙስ አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ለሥራ አልመጣሁም። ይሄ የቆለፉት በር ነው ያሳሰበኝ። በዚህ እርጥበት ሁለት ወር ያልዞረ ቁልፍ ይዝጋል። በኋላ ልክፈት ቢሉ በሩን መስበር ሊኖርብዎ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። ሾፌር ናቸውና ዝገት ይገባቸዋል።

«ሞተርም ቆሞ ሲከርም እንደዚያው ነው» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ዘይቱ ጠብ ተደረገበት፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ተንቋቋና በሩ ተከፈተ። ትንሽ አልጋ፣ ከግድግዳው ጋር የቆመ ቁም ሳጥን፣ መስኮቱ ሥር የነጭ ቀለም ቆርቆሮና እንደ እንጨት የደረቀ ብሩሽ። ወለሉ ላይ ከአልጋው እግር ተነሥተው እስከ ክፍሉ መካከል ተከታትለው የደረሱ አራት አግድም ነጭ መስመሮች። ትራፊኳ ለልጇ ዜብራ እየሠራችላት ነበር፤ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ግራ ቀኝ አይታ እየተሻገረች መንገድ እንድትለምድ። መጨረስ የነበረባት በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ነበር።

ልጅቷ በአራቱ መስመሮች ላይ እየዘለለች አልጋዋ ላይ ወጣች። ጋሽ ሾፌር ከደጃፉ አላለፉም።

«ይግቡ እንጂ» አለቻቸው ፒንሳ።

ዓይናቸው መስመሮቹ ላይ ነው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ዜብራ ላይ ቆመው የማያውቁ ሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ቆሙ።»

እኔ ደነገጥኩ፤ አሁንስ አበዛችው ብዬ። ሽማግሌው ግን በአፍንጫቸው ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ልጨርሰው? አይሆንም ካሉኝ አሁኑኑ እወጣለሁ።»

«ሥሪው» አሉና ፊታቸውን አዙረው ሳሎን ሄደው ተቀመጡ።

ፒንሳ ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገች፣ አቧራውን ጠረገች፣ አዲስ ብሩሽ አወጣች፣ የጠጠረውን ቀለም በአኳራጅ አቀጠነች። ከዚያ መስመሩ የሚያልፍበትን በወረቀት ፕላስተር ከለለች። ቆም ብላ አሰበች። ልጅ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሄደው ልብሷን ልታወጣ ነው አለችና ከአምስተኛው መስመር ጀምሮ ዜብራውን ወደ ቁም ሳጥኑ ጠመዘዘችው። ለእኔም ትክክል መሰለኝ።

ጋሽ ሾፌር ሳሎን መቀመጥ አልቻሉም። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አዩ፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ደግመው አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዜብራ ነዋ።»

«ዜብራ ሲታጠፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ልብሷን ታውጣ ብዬ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ አውቶቡስ እንኳ የምሳፈረው ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ ሾፌር ስለሚበዛ።»

«ዜብራ ከዳር ወደ ዳር ነው የሚሄደው። ልጄ ከአልጋ ወደ በር ነው ያሰመረችው፤ አይታይሽም? እንዲህ አድርገሽ ብትተዪው እኮ ሰው መሃል መንገድ ላይ ግራ ገብቶት ይቆማል። በይ ዞር በይ።»

ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ፕላስተሩን አንድ በአንድ ነቀሉ። ልጃቸው የሠራቻቸውን መስመሮች ስፋት በጫማቸው ለኩ፤ አንድ ጫማ ነጭ፣ አንድ ጫማ ባዶ። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አምስተኛውን መስመር እንደ ማሽን ቀጥ አድርገው ቀቡት። ስድስተኛው ላይ ብሩሹ ወደ ጎን ሸሸ። ብሩሹን ሳያነሡ፣ ቀና ሳይሉ ቆዩ። ልጅቷ ከአልጋዋ ወርዳ ጀርባቸው ላይ ተለጠፈች። ፒንሳ ብሎኖቿን በየመጠናቸው ትለያለች፤ ቀድሞውኑ የተለዩ ነበሩ።

«ተንጋደደ» አሉ በመጨረሻ።

«ላስተካክለው?»

«ተይው። እሷ ብታየው ክስ ትጽፍብኝ ነበር።»

ሰባተኛው መስመር በሩ ሥር ነበር። እሱን ለልጅቷ ለቀቁላት። ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ቀረ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ልጅቷ ሁለት ቀን ሶፋ ላይ ቆየች። ቅዳሜ ማታ በክፍሏ ተኛች። እሑድ ጠዋት አክስቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ የልጅቷን ልብስ ልትከትበት ነው። እኔና ፒንሳ «ቧንቧው እንዴት ሆነ?» በሚል ሰበብ ቀድመን ሳሎን ተቀምጠን ነበር። ጋሽ ሾፌር ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

አክስትየው ወደ ክፍሉ ስትገባ ልጅቷ አልጋዋ አጠገብ ቆማ መዳፏን ዘረጋችባት።

«ቁሚ። መንገዱ አልተለቀቀም።»

አክስትየው ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ አለች። ልጅቷ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ደግማ ወደ ግራ አየች። «እሺ፣ እለፊ» አለቻት። አክስትየው ጫማዋን አውልቃ በሰባቱም መስመሮች ላይ ተራመደች። ፍራሹን ተጫነች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ መስኮቱን ዘግታ ከፈተችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መስመሮቹን ቆጠረች።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«አራቱን እማዬ፣ ሁለቱን አባባ፣ አንዱን እኔ።»

«አባባ ከዜብራ ጋር ታረቁ እንዴ?» አለች፤ ድምጿ ሳቅም ልቅሶም ነበረበት።

«ምን ላድርግ፣ ቤቴ ድረስ መጣብኝ» አሉ ሽማግሌው።

አክስትየው በሩ ላይ የተሰካውን ቁልፍ አየችና፣ «በሩን መልሰው አይቆልፉትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። የመጣችው ይህን ልትጠይቅ ነበር ብል አልሳሳትም።

«አልቆልፈውም» አሉ። «ቁልፉን አንቺ ውሰጂው።»

ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሻንጣውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችና ልጅቷን፣ «ትምህርት ሲዘጋ ይዘሽው ወደ እኔ ትመጫለሽ፤ ለዕረፍት ብቻ» አለቻት። ጋሽ ሾፌር የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሾፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይወጣሉ። መሰላል ይይዛሉ ተብሎ ነው፤ መሰላሉን ይዘው ግን ፒንሳን ከሥር «ቀኝ፣ ቀኝ፣ በቃ፣ አቁሚ» እያሉ ይነዷታል። እሷም፣ «ጋሼ፣ ወራጅ አለ» ትላቸዋለች።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የምለምንህ አለኝ፤ አንቺንም እንደዚሁ። የፒንሳ ጉልበት ደረጃ እንቢ እያላት ነው፣ የሽማግሌው ወገብም አስተማማኝ አይደለም፣ የእኔ ዓይን ብሎንና ምስማር መለየት ትቷል። ሁለት ቤቶች ይጠብቁናል። በአንደኛው ልጃቸው የሞተባቸው እናት ጣሪያቸው ያፈሳል። በሌላው አጥሩ እስከ ወገብ ደርሶ ቆሟል። ሙያ ባይኖራችሁም ግድ የለም። ቅዳሜ ጠዋት መሰላል የሚይዝ፣ ባትሪ የሚያበራ፣ ቆርቆሮ የሚያቀብል እጅ ካላችሁ ኑልን። ስትገቡ ግን አንድም ነገር ሳትነኩ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ በዕረፍት ቀኑ እሠራዋለሁ ያለው ምን ነበር ብላችሁ፣ መልሱ እስኪመጣም ጠብቁ።