የማርቆስ «አይቻለሁ»

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ማርቆስ ጥቁር ስክሪን ፊት አስቀመጠኝና ማውዙን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እዚህ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ፣ ኮማንድ፣ እየጻፍሽ ነው የምትሠሪው» አለኝ። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የመሬት መዝገብ ቤት፣ እሱ የስካን ክፍል ኃላፊ፣ እኔ አዲሷ የሰነድ ባለሙያ ነበርን።

የቆዩ የይዞታ ማህደሮችን ስካን አድርገን ፒዲኤፍ እናደርጋለን፣ ከዚያ እንመረምራለን። አንዱ ኮማንድ ፋይሉ ጤነኛ መሆኑን ይናገራል፤ ስህተት ካለ ገጹን ጠቅሶ ይዘረዝራል። ሌላው የፋይሉን ሆድ ይከፍታል፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ በምን ፕሮግራም። «ዛሬ ተከፈተ ማለት የልጅ ልጆቻችን ይከፍቱታል ማለት አይደለም» ይል ነበር ማርቆስ።

እያንዳንዱን ገጽ በዓይኑ ካላየ ፋይል አይዘጋም። ካየ በኋላ ከፋይሉ ጋር በሚቀመጠው ማስታወሻ ላይ «አይቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። መተየቡ ሲሰለቸው ኮምፒውተሩ ከስሙ ጋር ራሱ እንዲጽፍለት አደረገ።

ማርቆስ በድንገት ሞተ። ከቀብር ተመልሰን ሥራ ስንጀምር፣ ስሙን ከኮምፒውተሩ ላንሳው ወይ ብዬ አለቃችንን ወይዘሮ ብርሃኔን ጠየቅኋቸው።

«እንባችን ሳይደርቅ ስሙን ልትደመስሺ ነው? ይቆይ» አሉኝ።

ቆየ። ነገ ዛሬ ስንል ዓመት አለፈ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም፤ እውነቱን ለመናገር እጄ እምቢ አለኝ።

ኮማንዱን ባስኬድኩ ቁጥር ግን ስሙ ይመጣል። ሠሪ፦ ማርቆስ። ቀን፦ ከተቀበረ ከስምንት ወር በኋላ። ማስታወሻ፦ አይቻለሁ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር። ክረምት ላይ የዳሞታ ተራራ ጉም መስኮቱን ሲሸፍነው፣ በከፊል ጨለማ ያ ቃል መስመር በመስመር ስክሪኑ ላይ ይወርዳል። የማርቆስ ወንበር ወዳለበት አልዞርም። አንድ ቀን ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ያለበት ፋይል አገኘሁ። እሱንም ኮማንዱ ጤነኛ ነው አለው፤ እሱም ላይ «አይቻለሁ» ይላል።

ከዚያ ወይዘሮ አመረች ከሁምቦ መጡ። ባላቸው ሞቶ፣ የባላቸው ወንድም መሬቱ የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ዋናውን ወረቀት ምስጥ በልቶታል፤ የቀራቸው የኛ ፋይል ብቻ ነው። የከሳሹ ጠበቃ ደግሞ የፋይሉን ሆድ አስከፍቶ፣ «ሰነዱን የሠራው የሞተ ሰው ነው፤ ሐሰተኛ ነው» ብሏል።

«ልጄ፣ መሬቴ የሞተ ሰው እጅ ነው እንዴ ያለው?» አሉኝ። ፊታቸውን ማየት አፈርኩ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ደነገጡ። «በይ አሁኑኑ ስሙን ቀይሪና ሌላ ኮፒ ስጪያቸው።»

«ዛሬ ከነካነው ያን ጊዜ በእርግጥ ሐሰተኛ ይሆናል» አልኳቸው።

በምትኩ የሴትዮዋ ማህደር ስካን በተደረገበት ቀን የተሠሩትን ፋይሎች ሁሉ በኮማንድ አስዘርዝሬ አተምኩ። ፍርድ ቤት ቀርቤም የማርቆስን ስም ኮምፒውተሩ ላይ በሐዘን እንደተውነው ተናገርኩ።

ጠበቃው ሳቀ። «ሐዘን ማስረጃ ሆኖ ያውቃል?»

ዝርዝሩን ለዳኛው ሰጠሁ። «ሰባተኛው መስመር የከሳሹ የራሱ ይዞታ ነው» አልኩ። «ያው ቀን፣ ያው ማርቆስ፣ ያው አይቻለሁ። የእሳቸው በዚህ ሐሰት ከተባለ የእሱም ሐሰት ነው።»

ጠበቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ተቀመጠ። ዳኛው ፋይሉን ተቀበሉ፤ ወይዘሮ አመረችም መሬታቸውን አላጡም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ የማርቆስን ስም አነሳሁ። ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መስሎኝ አለቀስኩ። በቦታው የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ማስታወሻውን ባዶ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ «አይቻለሁ» የምለው ገጹን ካየሁ በኋላ፣ በእጄ ተይቤ ነው።

ኮማንዱ ፋይሉ ጤነኛ ነው ሲላችሁ ውስጡ ያለውን አንብቦ አይደለም። ማንበቡ የእናንተ ሥራ ነው፤ ሟች አይሠራላችሁም።