ፈተና የወደቅሁ ቀን የመጡ ለቀስተኞች

መሃይም ፈተና አይወድቅም። አይፈተንማ! ይህን የተረዳሁት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ጢም አውጥቼ፣ አገር ለቅቄ፣ ሱዳን ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭነት ስሸከም ኖርኩ። «አትችልም» ያለኝ የለም፤ «ትችላለህ» ያለኝም የለም። ማንበብ ስችል ግን ዓይኔ አልጠግብ አለ። ሲያትል ስገባ ያየሁትን ሁሉ የምመኝ፣ የተመኘሁትን ሁሉ የምፈራ ሰው ሆኜ ነበር።

የምሠራው የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ቤት ነው። ከሥሩ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቦይለር አለ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን ወደ ላይ ወደ ማሽኖቹ የሚልክ፣ ጎጆ የሚያህል ብረት ነው። እሱን የሚጠብቀው አሜሪካዊ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ መለኪያ ያያል። እኛ ላይ እርጥብ አንሶላ ስንጎትት ወገባችን ይቆረጣል። ሰውዬው ጡረታ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጠራኝና «ቦይለር ለመጠበቅ የከተማው ፈተና አለ፤ ለምን ፈቃዱን አታወጣም?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ያ ወንበር አንሶላ ጎታች ሆኜ እንዳልሞት የተከፈተልኝ ብቸኛ በር መሰለኝ።

የፈተናውን መጽሐፍ ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት። ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እኔ በሳምንት ነበር የምጨርሰው። ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ዘንድ ሰው ያሰበውን አያወራም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። የእኔ ግን የዓይን ጉዳይ አልነበረም። ብወድቅ ማንም እንዳያውቅብኝ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን አውቶቡሱ ፈተናው ያለበት ሕንፃ አጠገብ ቆመ። እግሬ አልነሣ አለ። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔ እዚያው ነኝ። ኖርዝጌት የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄድኩና ገበያ አዳራሹ ውስጥ ጫማ የሚለኩ ሰዎች ሳይ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ እንደ ምንም ገባሁ። ወደቅሁ። ውሃ ከቦይለሩ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጥያቄው ላይ አፈጠጥኩ፣ ጥያቄውም እኔ ላይ አፈጠጠ፤ ግማሹን ሳልመልስ ተነሥቼ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ውጤት የምትሰጠው ሴት ከወር በኋላ መመለስ እንደምችል ነገረችኝ። አልሰማኋትም ብል ይሻላል።

በዚያን ጊዜ ቤት የምጋራው ከአንድ የኮሌጅ ተማሪ ጋር ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የወደቅሁ ዕለት ቀትር ላይ ከክፍል ሲመለስ ስልኩን ከግድግዳው ነቅዬ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ምንጣፉ ላይ ፊቴን አዙሬ ተኝቼ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ሥራ የለህም እንዴ?»

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«አለቀ አልኩህ! በቃ፣ አትጠይቀኝ።»

የተነቀለውን ስልክ አየ፤ እኔን አየ። ደሴ ያለችው እናቴ መታመሟን ያውቃል። «ኦኬ… ኦኬ ጋሼ» አለና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መርዶ የሰማ ሰው በጥያቄ እንደማይጨቀጨቅ አሳድገውታል።

አመሻሽ ላይ ከደረጃው «ወይኔ እናቴን! ወይኔ እናቴን!» የሚል የሴት ጩኸት ሰማሁ። በሩ ሲከፈት ሆቴል የምታጸዳው ጎረቤታችን ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ገባች። ከኋላዋ ሐጂ ገቡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚፈራቸው የሁላችን ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ወንዶች የሩዝ ድስት ተሸክመው ተከተሉ።

እኔ ምን ላስብ? ሽማግሌ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ድስት። ሊያረዱኝ መጡ። እናቴ ሞታለች!

ዘልዬ ተነሣሁና ጮህኩ። ስጮህ ሲያዩ እነሱ ባሰባቸው። ሴትዮዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ተንሰቀሰቁ። የየራሳቸውን እንደሚያለቅሱ ገብቶኛል። ወላጁን ሳይቀብር የቀረ ሰው በሞላበት ከተማ ለቅሶ ምክንያት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሐጂ ትከሻዬን ያዙኝ። «በቃ ልጄ፣ በቃ። ከአላህ የመጣ ነው። መቼ ነው ያረፈችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐጂ? አንቱ ይንገሩኝ እንጂ!»

«እኔ?»

«መርዶውን ይዘው የመጡት አንቱ አይደሉም?»

ለቅሶው አንድ በአንድ ቆመ። ሁሉም ወደ ተማሪው ዞረ።

«ሶ… አለቀ አለኝ» አለ ተማሪው። «ስልኩንም ነቅሎታል። ሶ እኔ ለእትዬ ኮል አደረግኩ…»

«ሶህን ተወውና፣ እናቴ ሞተች ብሎሃል?» አሉት ሐጂ።

«እንደሱ እንኳ አላለኝም።»

ሐጂ ወደ እኔ ተመለሱ። «ታዲያ ምንድን ነው ያለቀው?»

መዋሸት እችል ነበር። የሆነ ዘመድ መግደል አያቅተኝም፤ ለቅሶውም ድስቱም ቦታ ያገኝ ነበር። ግን ለውሸት የሚሆን አቅም አልቀረኝም።

«ፈተና ወድቄ ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የቦይለር።»

ሴትዮዋ ሻርፗን ከራሷ ላይ መንጭቃ በሱ ትገርፈኝ ጀመር። «ለቦይለር ነው እንዲህ ያስጮህከኝ? አለቃዬን ለምኜ ነው የመጣሁት፣ አንተ የተረገምክ! እንባዬን መልስ!» ድስት የያዘው ሰውዬ ሳቁ ሲያሸንፈው ድስቱን መሬት አስቀመጠ። እሱ ሲስቅ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያልሳቅነው እኔና ሐጂ ብቻ ነን።

«እናትህን በቁሟ አስለቀስክባት» አሉኝ ሐጂ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ደግመው ይፈትናሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከወር በኋላ።»

«እንግዲያ ምኑ ነው ያለቀው? በሉ ሩዙ ይቅረብ፣ ቀዝቅዟል።»

እናቴ ጋ በሳምንቱ ደወልኩ። አገግማለች። በዓል ሳይሆን ለምን ደወልክ ብላ ጠረጠረችኝ።

ከዚህ በኋላ ልቤ ቀና፣ ፍርሃቴ ተነነ እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። ወሩን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ አንዱ «ቦይለር! ዛሬስ ማን ሞተ?» ይለኛል። ሱቅ ስገባ ሌላው «ፍዳህን አየህ፣ ለመሆኑ ምዕራፍ ስንት ደረስክ?» ይለኛል። ጠላኋቸው። አንዳንዶቹን ዛሬም አልወዳቸውም። ግን አንድ ማታ እግሬን ስታጠብ ልብ አልኩ፤ ስፈራው የኖርኩት ነገር ሁሉ ደርሶብኛል። ወድቄአለሁ፣ ታውቆብኛል፣ ተስቆብኛል። በማግስቱም አንሶላው እንደ ወትሮው እርጥብ ነበር። የምደብቀው ሲያልቅብኝ መፍራቱ ራሱ ሥራ ሆነብኝ፤ ሥራ ደግሞ በዝቶብኛል።

ስለዚህ ወሩ ሲሞላ ለፈተናው ሄድኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

ጧት ሴትዮዋ ደወለች። «ዛሬ አይደል? ብትወድቅ ከሥራ አላስፈቅድም፣ እወቀው!» ተማሪው በመኪናው ወሰደኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስለቀረሁበት ቀን ነግሬው ስለነበር በሩ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ «ስትገባ ሳላይ አልሄድም» አለኝ። ገባሁ። ጥያቄው እንደ በፊቱ አፈጠጠብኝ። የዚህኛው ቀን ልዩነት አለመነሣቴ ነው። አንዱን እየዘለልኩ፣ ሌላውን እየተመለስኩ፣ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ጨረስኩ። አለፍኩ፤ ለጥቂት።

የቦይለሩ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ሰጥቶኝ «ውሃውን ጠብቅ» አለኝና ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ያህል የተመኘሁት ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ገና ሳልደላደል ዓይኔ መለኪያው ላይ ተተከለ። ይህ ብረት በእጄ ቢፈነዳስ? የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ ባለ ቁጥር እኔም ብድግ እላለሁ። ፍርሃቱ ከእኔ ጋር ደረጃውን ወርዶ ኖሯል።

ከላይ አንዱ ቧንቧውን ደበደበ፤ እንፋሎት አነሰን ማለቱ ነው። ተነሣሁና እየፈራሁ እንፋሎቱን ጨመርኩላቸው።